ሉድቪግ ክራፕፍ፤ ሰፊ ቋንቋ ፍለጋ የወጣው ሰው

(ከአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ)

የዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ስም በአገራችን የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አልፎ አልፎ ይጠራል። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የተቀመጠ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነበረ ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። በኬንያ ግን ስሙ የሚነሣው ከበረዶው ተራራና ከስዋሒሊ ቋንቋ ጋራ ነው። እኔ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ ሚሲዮናዊነቱም ስለ ተራራውም ብዬ አይደለም። ይህ ሰው ግማሽ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞት ዞሯል፤ ይኸውም በምሥራቅ አፍሪቃ ካሉት ቋንቋዎች ውስጥ ተናጋሪውን ከሁሉ ይልቅ ሩቅ የሚያደርሰው የትኛው ነው የሚል ነው። ጥያቄውን ያነሣው ለስብከት እንዲመቸው ነበር። መልሱን ሲፈልግ ግን ቋንቋ በምድር ላይ የሚዘረጋው ሰው እንደሚያርሰው አፈር፥ እንደሚያረባው ከብት፥ እንደሚጠብቀው ዝናብና ነፋስ መሆኑን የሚያስረዳ ብዙ ነገር ሰበሰበ። ሰበሰበ እንጂ ምክንያቱን አልደረሰበትም። (በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ክራፕፍ በጃንዋሪ 11 ቀን 1810 በደቡብ ጀርመን፥ በቱቢንገን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በዴሬንዲንገን መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው አንድ ጎረቤት ባላጠፋው ጥፋት ክፉኛ ደብድቦት ለስድስት ወር ያህል ታሞ ተኛ፤ በዚያም ጊዜ ያጽናናው መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ብቻ ነበር። ከዳነ በኋላ ቱቢንገን ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ሳለ የዓለም ካርታ እጁ ገብቶ የአፍሪቃን ምሥራቅ ቢመለከት በአዳልና በሶማሌ በኩል የተጻፈው ስም እጅግ ጥቂት፥ ባዶው ቦታ ግን ብዙ ሆኖ አገኘው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውንም የጉዞ መጽሐፍ ተውሶ አነበበ። ባዶ ካርታ ልጅን ምን ያህል እንደሚስብ ጂኦግራፊ የሚማሩት ወንድሞቻችን ይመሰክሩልኛል። ኋላም በስዊስ አገር በባዝል የሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ ከዚያም በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር በ1837 ወደ አገራችን ላከው።

መጀመሪያ ትግሬ ገባ፤ ነገር ግን በ1838 ከነጓደኞቹ ከአድዋ እንዲወጣ ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት ኢዘንበርግ ከሚባለው ባልደረባው ጋራ በታጁራ በኩል ዞሮ ወደ ሸዋ ተነሣ። ጕዞው አንድ ወር ያህል ፈጀ። ይህን መንገድ በካርታ ላይ በጣትህ ብትከተለው ቋንቋና ምድር እንዴት ተያይዘው እንደሚሄዱ ወዲያው ይገባሃል። ከባሕሩ ዳር ጀምሮ እስከ አዋሽ ድረስ ምድሩ በረሓ፥ ጨውና እሳተ ገሞራ ነው፤ በዚያ ሁሉ ርቀት የሚሰማው ቋንቋ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አፋርኛ ነው። ውሃና ሣር እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ግመል ነጂው አንድ ቦታ ተቀምጦ መኖር ስለማይችል ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ይላል፤ በዓመት ውስጥም ብዙ ሰው ያገኛል፤ ቋንቋውም ሳይከፋፈል ሰፊ ቦታ ይይዛል። ከዚያ ወደ ሸዋ ገደል ሲወጣ በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ሁሉ ነገር ይለወጣል። በገደሉ ወገብ ላይ ጥጥና ማሽላ የሚያለሙት አርጎባዎች አሉ። ከዚያ በላይ ገብስና ስንዴ የሚያርሰው አማርኛ ተናጋሪ ነው። ከደጋው ወዲያ ማዶ ሜዳው ሲጀምር ደግሞ ኦሮምኛ ይሰማል። ከአንኮበር በታች ያለው የዓልዩ አምባ ገበያ በዚያን ጊዜ የእነዚህ ሁሉ መገናኛ ነበረ፤ ቆለኛው ጨው ይዞ ይመጣል፥ ደገኛው እህል ይዞ ይወርዳል፥ ነጋዴውም ሦስት አራት ቋንቋ ሳይችል አይሸጥም።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ክራፕፍን በደኅና ተቀበሉት። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ እርሱ ብቻውን ቀረ። በ1840 መጀመሪያ ንጉሡ ወደ ኦሮሞ አገር ሲዘምቱ አብሮ ሄደና ያን ሰፊ የግጦሽ ሜዳ፥ የከብቱንና የፈረሱን ብዛት በዓይኑ አየ። ከነጋዴዎችና ከመልእክተኞችም እየጠየቀ ኦሮምኛ ወደ ደቡብ እስከ የት እንደሚነገር ይመዘግብ ጀመር። የሰማው ነገር አስደነቀው፤ ሰው ከሸዋ ተነሥቶ በዚሁ በአንድ ቋንቋ እስከ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ቅርብ ድረስ ሊሄድ ይችላል አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦሮምኛ የመካከለኛው አፍሪቃ ቁልፍ ነው ብሎ ቈረጠ። በዚያው በ1840 የኦሮምኛን ሰዋስው የሚያመለክት አጭር መጽሐፍ አሳተመ፤ ከወንጌሎችም ወደዚሁ ቋንቋ መተርጐም ጀመረ።

ለመሆኑ ኦሮምኛ ይህን ያህል እንዴት ሊሰፋ ቻለ? ክራፕፍ ነገሩን ለእግዚአብሔር ፈቃድና ለሕዝቡ ጠባይ ሰጠው፤ ኦሮሞዎችንም በሮማውያን ዘመን ከነበሩት ከጥንት ጀርመኖች ጋራ እያመሳሰለ ለአፍሪቃ የተመደቡ ታላቅ ሕዝብ ናቸው አለ። ምስጋናው ደስ ይላል፤ ግን ምክንያት አይሆንም። ከእርሱ በፊት በ16ኛው ምዕተ ዓመት መነኵሴው አባ ባሕርይ ስለዚሁ ስለ ኦሮሞዎች መስፋፋት ሲጽፉ የተሻለ መንገድ ይዘው ነበር፤ የገዳውን ሥርዓት፥ የትውልዱን መተካካትና የዘመቻውን ሁኔታ እየዘረዘሩ ኀይሉ ከኑሮው አደረጃጀት መምጣቱን አሳይተዋል። በዚህ ላይ ከብት አርቢ ሕዝብ ሀብቱ በእግሩ የሚሄድ መሆኑን ብንጨምርበት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ገበሬ አገር ቢለቅ ማሳውን ጥሎ ነው፤ ከብት ያለው ግን ሀብቱን እየነዳ ይሄዳል። በየደረሰበት አገር ከነበረው ሕዝብ ጋራ በጉዲፈቻና በሞጋሳ ሲዋሐድ ደግሞ ቋንቋው ከትውልዱ ይበልጥ ሩቅ ይደርሳል። ኋላ በየአገሩ እርሻ ቢይዝም ቋንቋው ቀደም ሲል የያዘውን ስፍራ አልለቀቀም።

በደቡብ ምዕራብ ያሉትን የእንሰት አገሮች ክራፕፍ በወሬ ብቻ ነው ያወቃቸው። ወደዚያ ቢዘልቅ ኖሮ ተቃራኒውን ያይ ነበር። እንሰት የሚተክል ሰው ከጓሮው አይርቅም፤ ተክሉ ዝናብ አነሰ ብሎ ቶሎ አይከዳም፤ ከትንሽ መሬትም ብዙ ሰው ይመገባል። ስለዚህ ከጕራጌ ጀምሮ በሐዲያና በከምባታ፥ በሲዳማ፥ በወላይታ፥ በዳውሮና በጋሞ እስከ ከፋ ድረስ በጠባብ አገር ውስጥ ብዙ ቋንቋ ተጠጋግቶ ይኖራል። የጓሮ ተክል ሁሉ ቋንቋ ይከፋፍላል ማለቴ ግን አይደለም፤ በረሃብ ጊዜ የሩቅ ዘመድ የማያስፈልገው ሕዝብ የሩቁን ሰው ቋንቋ ለመያዝ የሚያስገድደው ነገር አነስተኛ ነው ማለቴ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት ሻምበል ሃሪስ በሚባል መኰንን የሚመራ መልእክት ወደ ሸዋ ላከ፤ ክራፕፍም አስተርጓሚና አማካሪ ሆኖ ለውል ስምምነቱ ደከመ። በእኔ አስተያየት ትልቁ ስሕተቱ ይህ ነበር። ወንጌል ላስተምር ብሎ የመጣ ሰው የመንግሥት ጉዳይ ውስጥ እጁን ካስገባ በኋላ ንጉሡ እንደ ቀድሞው ሊያምኑት አልቻሉም። በ1842 ከሸዋ ወጥቶ በወሎ በኩል ወደ ምጽዋ ሲጓዝ አዳራ ቢሌ የተባለው የወሎ ባላባት ንብረቱን ዘረፈው። ግብፅ ደርሶ ሮዚና ዲትሪኽ የምትባለውን እጮኛውን አግብቶ በታጁራ በኩል ለመመለስ ቢሞክር በሩ ተዘጋበት። በምጽዋ በኩልም ሞከረ። በዚያ ጕዞ ላይ ሚስቱ በበረሓ ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኒቱ ወዲያው ሞተች፤ ስሟንም በአማርኛ እንባ ብለው ሰየሟት።

ከኢትዮጵያ በኩል ወደ ኦሮሞ አገር መግባት እንደማይቻል ሲያውቅ ያው ቋንቋ ከሌላው ጫፍ እንደሚገኝ ትዝ አለው። ስለዚህ መርከብ ተሳፍሮ በ1844 መጀመሪያ ዛንዚባር ደረሰ፤ ከሱልጣን ሰዒድ ደብዳቤ ተቀብሎ በሜይ ወር ሞምባሳ ላይ ተቀመጠ። በጁላይ ሁለቱም በወባ ወደቁ። ሮዚና ሌላ ሴት ልጅ ወልዳ ነበርና በጥቂት ቀን ውስጥ እናቲቱም ሕፃኒቱም ሞቱ፤ በባሕሩ ማዶ በየብሱ በኩል ተቀበሩ። እርሱ ከሕመሙ ሲነሣ ብቻውን ነበረ። ያን ጊዜ ወደ አገሩ ቢመለስ ማንም ባልወቀሰው፤ እርሱ ግን ስዋሒሊ መማሩን ቀጠለ።

እዚህ ላይ ነው ፍለጋው የተገለበጠበት። ክራፕፍ ወደ ሞምባሳ የመጣው ስዋሒሊን እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ተጠቅሞ ወደ ኦሮምኛ ለማለፍ ነበር። ነገር ግን ድልድይ ያለው ነገር ራሱ ትልቅ መንገድ ሆኖ አገኘው። ስዋሒሊ ከሶማሌ ደቡባዊ ጠረፍ ከባራዋ ጀምሮ እስከ ሞዛምቢክ ድረስ በባሕሩ ዳርቻ ይነገር ነበር፤ ወደ የብስ ግን ከጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ በላይ አያልፍም ነበር። ርዝመቱ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እጅግ የሚበልጥ፥ ስፋቱ የአንድ ወረዳ እንኳ የማያህል ቋንቋ! ይህን ቅርጽ የሰጠው ነፋሱ ነው። ከዲሴምበር እስከ ማርች ድረስ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከዐረብና ከህንድ የሚመጡትን መርከቦች ይዞ ይወርዳል፤ ከኤፕሪል በኋላ ደግሞ አቅጣጫውን ለውጦ ይመልሳቸዋል። ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር ወራት መጠበቅ አለበት፤ ሲጠብቅ ይነግዳል፥ ያገባል፥ ይወልዳል። ከወደብ ወደ ወደብ በጀልባ መሄድ ቀላል ስለ ሆነ የባሕር ዳሩ ሰው ከጀርባው ካለው ገበሬ ይልቅ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ዓሣ አጥማጅ ጋራ ይቀራረባል። ስሙ ራሱ ባሕር ዳር ከሚለው የዐረብ ቃል የመጣ ነው። ከጀርባው ያለው ምድር ደግሞ ውሃ የሌለበት እሾሃማ ቍጥቋጦ ነው፤ አገሬው ኒካ ይለዋል፥ ትርጕሙም ምድረ በዳ ማለት ነው። አንድ ወገን ባሕሩ ጐትቶ፥ አንድ ወገን በረሓው ገፍቶ ቋንቋውን እንደ ገመድ አቅጥነው ዘርግተውታል።

በ1846 ሬብማን የሚባል ባልደረባ መጣለትና ሁለቱ ከሞምባሳ ጀርባ በራባይ ኰረብታ ላይ ቤት ሠሩ። ከዚያ እየተነሡ ወደ መሐል አገር በእግር ይጓዙ ጀመር። ሬብማን በ1848 ኪሊማንጃሮን፥ ክራፕፍም በዲሴምበር 3 ቀን 1849 ከኪቱይ ላይ ሆኖ የኬንያን ተራራ አዩ። በለንደን ከመጽሐፍ ክፍላቸው ወጥተው የማያውቁ ሊቃውንት በምድር ወገብ ላይ በረዶ የለም ብለው አፌዙባቸው። የዚህ ወሬ በየመጽሐፉ ስላለ አልደግመውም።

ከካምባ ሕዝብ ጋራ ያደረገው ጕዞ ግን ለጉዳያችን ይጠቅማል። የካምባ አገር ዝናቡ የማይታመን ነው። ስለዚህ ካምባዎች እርሻና ከብትን ከማደንና ከንግድ ጋራ ያጣመሩ፥ የዝሆን ጥርስ ተሸክመው እስከ ባሕሩ የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ፤ ረሃብ ሲመጣም ከፊላቸው ወደ ጠረፉ ወርደው በራባይ አካባቢ ሰፍረዋል። ቋንቋቸውም በየሰፈሩበት ይሰማ ነበር። በ1851 ክራፕፍ ኪቮይ ከሚባለው ታላቅ የካምባ ነጋዴ ጋራ ወደ ታና ወንዝ ሲሄድ ሽፍቶች አደጋ ጥለው ኪቮይን ገደሉት። ክራፕፍ ሸሽቶ ጫካ ገባ፤ የጠመንጃውን አፈሙዝ ውሃ ሞልቶ በሣር እየደፈነ፥ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ፥ ቀን እየተደበቀ በረሃብ አለቀ ሲባል ተረፈ። ከዚህ ጕዞ የተማረው ነገር አንድ ሰው በዚያ አገር ቋንቋና ዘመድ ከሌለው ውሃ እንኳ እንደማያገኝ ይመስለኛል።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ በ1850 ቱቢንገን ላይ የታተመው የስድስት ቋንቋዎች የቃላት ዝርዝር ነው። ስድስቱም ስዋሒሊ፥ ኒካ፥ ካምባ፥ ፖኮሞ፥ ያኦና ኦሮምኛ ናቸው። ዝርዝሩን የሚያገላብጥ ሰው አምስቱ ዘመዳሞች፥ ስድስተኛው ባዕድ መሆኑን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። ሰው ለማለት ስዋሒሊ ምቱ፥ ካምባና ያኦ ሙንዱ ይላሉ፤ ሰዎች ለማለት ደግሞ ዋቱ፥ አንዱ፥ ዋንዱ ይላሉ። ቃሉ የሚለወጠው በመጨረሻው ሳይሆን በመጀመሪያው ነው። ኦሮምኛ ግን ነማ ይላል። ያኦዎች ከካምባ እጅግ ርቀው ከኒያሳ ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚኖሩ ናቸው፤ ኦሮሞዎች ግን ያን ጊዜ ከሞምባሳ በስተሰሜን ብዙም ሳይርቁ ከብት ይጠብቁ ነበር። ሩቁ ዘመድ፥ ቅርቡ ባዕድ ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስረዳው የታና ወንዝ ነው። ፖኮሞዎች በወንዙ ዳርና ዳር፥ ውሃው ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ሙዝና ሩዝ፥ በቆሎም የሚያመርቱ፥ በታንኳ የሚመላለሱ ናቸው። ቋንቋቸው ወንዙን ተከትሎ በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ወደ ጐን ግን ደለሉ ካለቀበት አያልፍም። ደለሉ ካለቀበት ጀምሮ ያለው ደረቅ ሜዳ የከብት አርቢዎቹ ነው፤ ቋንቋውም ኦሮምኛ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች በየጊዜው ይጣላሉ፥ ይታረቃሉ፥ ከብቱ ውሃ ለመጠጣት ሲወርድ ይገናኛሉ፤ ድንበሩ ግን ዝናብ ያሠመረው ስለ ሆነ ከቦታው ብዙ አይነቃነቅም።

ክራፕፍ እነዚህ ዘመዳም ቋንቋዎች ከምድር ወገብ አካባቢ እስከ ደቡብ አፍሪቃ ጫፍ የሚዘረጉ አንድ ቤተ ሰብ መሆናቸውን ተረድቶ ነበር። እርሱ ያወጣላቸው ስም አልጸናም፤ የጸናው ኋላ ዊልሄልም ብሌክ ያወጣው ባንቱ የሚለው ነው። ለምን እንደ ተዘረጉ የታወቀው ግን ከእርሱ በኋላ ነው። ዛሬ የቋንቋና የአርኬኦሎጂ ሊቃውንት እንደሚሉት መነሻቸው ናይጄሪያና ካሜሩን በሚዋሰኑበት አገር ነበር፤ ከአራትና ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ቦዬ የመሰለውን ያም እየተከሉ፥ ዘይት የሚሰጠውንም ዘንባባ እየተንከባከቡ ተነሡ፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ማሽላና ዳጉሳ፥ ከብረት ማቅለጥ ጋራ፥ ወደ ደቡብ ወሰዳቸው። እርሻ ከአደንና ከፍራፍሬ ለቀማ ይልቅ ብዙ ሰው ስለሚመግብ የገበሬው ቋንቋ የአዳኙን እየዋጠ ሄደ። ገበሬው የቆመው ዝናቡ ማሽላ ማብቀል ባቃተው ቦታ ነው፤ ከብት አርቢውም በበኩሉ ቆላ ዝንብ ከብቱን በሚፈጅበት ጫካ አቅራቢያ ቆመ። ክራፕፍ በስድስት ዓምድ የጻፈው ቃል የእነዚህ ሁለት መቆሚያዎች ካርታ ነው ለማለት ይቻላል።

በ1990ዎቹ ዳንኤል ኔትል የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ስለ ምዕራብ አፍሪቃ ባደረገው ጥናት የዝናቡ ወራት በረዘመበት አገር ብዙ ትናንሽ ቋንቋዎች፥ ባጠረበት አገር ጥቂት ሰፋፊ ቋንቋዎች መኖራቸውን አሳይቷል። ምክንያቱም እህል ዓመቱን ሙሉ የሚያገኝ መንደር ለብቻው መኖር ይችላል፤ የማያገኘው ግን የሩቁን ሰው ወዳጅ ማድረግ አለበት። ይህ ሐሳብ ሁሉን ይፈታል አልልም። ንጉሥ፥ ጦር፥ ሃይማኖትና ገበያ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ስዋሒሊን ወደ ኮንጎ ያስገባው ነፋስ ሳይሆን የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ ነው። ሆኖም የቋንቋ ካርታ ስንመለከት ከጎኑ የዝናብ ካርታ ማስቀመጥ ብንለምድ ብዙ ከንቱ ክርክር ይቀርልን ነበር።

ክራፕፍ ጤናው ስለ ተሰበረ በ1853 ወደ አውሮፓ ተመለሰ። በ1855 ከፍላድ ጋራ ወደ አገራችን መጥቶ ዐፄ ቴዎድሮስን አየ። በ1867 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲነሣ አስተርጓሚ ሆኖ ተከተለ፤ ነገር ግን ታሞ ከመንገድ ተመለሰ። የቀረውን ዕድሜውን አብዛኛውን በጀርመን አገር በኮርንታል ተቀምጦ በጽሕፈት አሳለፈ። አማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ አርሞ አሳተመ፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ደብተራ ዘነብ ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙትን አዲስ ኪዳንም በ1870ዎቹ በእኛው ፊደል እንዲታተም አደረገ። በወጣትነቱ ኦሮምኛን በላቲን ፊደል የጻፈ እርሱ ነበርና ይህ ለውጥ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በኖቬምበር 26 ቀን 1881 በኮርንታል ሞተ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበር። ትልቁ የስዋሒሊ መዝገበ ቃላቱ በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ላይ ታትሞ ወጣ። በውስጡ የተለቀመው የሞምባሳ አነጋገር ነበር፤ በ1930 አካባቢ የእንግሊዝ ገዢዎች ለትምህርት ቤት የሚሆን አንድ ስዋሒሊ ሲመርጡ ግን የዛንዚባሩን ወሰዱ፤ ምክንያቱም ወደ ሐይቆቹ አገር ከተሸካሚዎች ጋራ ቀድሞ የገባው እርሱ ነበር።